በግራ በኩል ያለው አጥንት

ሰኔ 10፣ 2016

አዲሷ አዋላጅ ዛሬ መጣች። መብርሂት ትባላለች፤ የሑመራ ልጅ ናት። አማርኛውን እንደኔ ትናገረዋለች፣ ትግርኛው የእናቷ ነው፣ ዓረብኛውንም ከገበያ ለቃቅማዋለች። ቁመቷ አጭር፣ እጇ ትንሽ፣ ሳቋ ትልቅ። የክሊኒኩ ኃላፊ ሱዳናዊው ሙዳሲር ሊያስተዋውቀን ይዟት ገባና እንደ ዓረብኛው «ያ ጣይቱ፣ አሁን ሥራው ይቀልልሻል» አለኝ። ከበደኝ ብዬው አላውቅም።

ይህ ካምፕ ከተተከለ ጀምሮ ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ከገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ ወጥቼ በገላባት በኩል ሱዳን ስገባ ከባሌና ከሁለት እጆቼ በቀር ይዤ የመጣሁት የለም። ትግርኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር፤ «አጆኺ» ብሎ አይዞሽ ማለትን ያስተማሩኝ ምጥ ላይ ያሉት ራሳቸው ናቸው። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ፣ እነሱ የትግራይ፤ አገር ቤት ምን እየተባባልን እንደመጣን ሁላችንም እናውቃለን። እጄን ግን አልጠሉትም።

ስለዚህ አልከፋኝም። እንኳን ደህና መጣሽ ብዬ ወንበር ሰጠኋት።

ሰኔ 13

የለተገብርኤልን ልጅ ናጽነትን መረመርኩ። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ሰባት ወሯን ጨርሳለች። ባሏ ሃይላይ ኸሽም ኤል ቂርባ መስኖው ላይ ሥራ ይዞ ሄዷል፤ ያለችው ከእናቷ ጋር ነው። ስትራመድ በግራ ታነክሳለች። ሲሸሹ የተሳፈሩበት የትራክተር ተሳቢ ተገልብጦ ዳሌዋን ሰብሮት ነበር፤ ወራት ተኝታ ነው የተነሳችው።

ጎንደር ያስተማሩን መምህር «ዳሌ ቀለበት ነው» ይሉ ነበር። ሁለቱ ሰፋፊ የጎን አጥንቶች ከፊት ይጋጠማሉ፤ ከኋላ ያንን ሦስት ማዕዘን የወገብ ግርጌ አጥንት ከግራና ከቀኝ ይዘውታል፤ ጭራ አጥንት ከሥሩ አለች። ቀለበት አንድ ቦታ ብቻ አይሰበርም፣ ከፊት የተሰበረ ካገኛችሁ ዞራችሁ ሌላውን ፈልጉ ይሉን ነበር።

ፈለግሁ። ከፊት ወደ ኋላ ያለው ደህና ነው፤ መሐል ጣቴን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ የኋላውን ጠርዝ አልደረስኩበትም፣ ያ መልካም ነው። ወደ ግራ ሳዞር ግን ግድግዳው ወደ ውስጥ ገብቷል። በቀኝ በኩል ፈልገሽ የምታገኚው ሹል አጥንት በግራ በኩል ራሱ መጥቶ ጣቴን ወጋኝ። እጄን እዚያ ትንሽ አቆየሁት።

ሳላረጋግጥ ልጅቱን ማስደንገጥ አልፈለግሁም። ካርዷ ላይም አልጻፍኩትም። በሁለት ሳምንት ተመለሺ አልኳት። ደግሜ ዳስሼ ያው ከሆነ፣ ኸሪፉ፣ ክረምቱ፣ መንገዱን ሳይዘጋው ገዳሪፍ ሆስፒታል ሄዳ እዚያው ትጠብቃለች። ጊዜ አለ።

ሰኔ 17

መብርሂት የፕላስቲኩን ዳሌ እንዳውሳት ጠየቀችኝ። የእርዳታ ድርጅቱ የሰጠን ነው፤ ልኩ የሴት ዳሌ ልክ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ የሚታይ። የተረከብኩት በፊርማዬ ስለሆነ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ነፍሰ ጡሮቹን ራኩባው፣ የሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ሰብስባ ልታሳያቸው ነው። ልጁ በየት እንደሚመጣ ያወቀች ሴት ምጥ አትፈራም አለችኝ፤ እኔን ልታስተምር።

ዕቃው ከጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ አልኳት። «እሺ እትዬ ጣይቱ፣ ልክ ነዎት» ብላ ሄደች። አኩርፋ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ ዳሌ ለዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። በእጅ ነው የሚታወቀው።

ሰኔ 20

አመሻሽ ላይ ስገባ ጓንጉል በራችን ላይ ተቀምጦ የዘይት ቆርቆሮ ይቆርጣል። ባሌ ለአንድ ሐጂ ትራክተር የሚነዳ፣ የሚጠግንም ነው፤ ጉልበቱ ላይ ብረት አያለሁ እንጂ አጥንት አይቼ አላውቅም። ቀና ብሎ «ይቺ የፊቷ መገጣጠሚያ ስንት ጣት ትሰፋለች?» አለኝ።

ለመብርሂት ማስተማሪያ ነው። ጋራዥ ድረስ ሄዳ ለምናዋለች። ቆርቆሮውን በሽቦ አስሮ፣ እንዳይቆርጥ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ አልብሶታል። ያምራል፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ግራውን በቀኙ ልክ ነው የቆረጠው። ሁለቱ ጎን እኩል ካልሆነ አይገጥምም ይላል፤ ስለ ጎማ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ልጁ እንዴት ነው የሚያልፍበት አለኝ። ወሰድኩና አሳየሁት። ከላይ መግቢያው ወደ ጎን ስለሚሰፋ ልጁ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ይገባል፤ መሐሉ ላይ ሁለቱ ሹል አጥንቶች ያጠቡበታል፤ እዚያ ይዞራል፤ መውጫው ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚሰፋ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ አድርጎ ይወጣል። ጓንጉል አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «ይህን ሁሉ ስትኖሪ እንዲህ አድርገሽ ነግረሽኝ አታውቂም» አለኝ። ጠይቀኸኝ አታውቅም አልኩት።

ጎንደር ስንማር እርስ በርስ በመለኪያ ስንለካካ ሰፊና ክብ ተብሎ ለምሳሌ የተጠራው የእኔ ዳሌ ነበር። በዚህ ቤት ግን ማንም አላለፈበትም። ጓንጉል ስለዚህ አንድ ቀን ተናግሮኝ አያውቅም፤ ዛሬም አልተናገረም። ያንን ቆርቆሮ ግን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያዟዙረው ማየት አልቻልኩምና ገብቼ ተኛሁ።

ሰኔ 24

ራኩባው ሞልቷል። የእኔ በር ላይ ያለችው አንዲት ሽማግሌ ናት፤ እሷም ወገቤን ብላ ነው። የመብርሂት ሳቅ እስከዚህ ይሰማል። ከጨርቅ የሠራችውን የሕፃን ጭንቅላት በቆርቆሮው ታሳልፋለች፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ።

አንዷ ስታልፍ በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ ይሁን ወይስ ሳታየኝ፣ «ያቺኛዋ ዝም ብላ ትነካሻለች፣ ይቺ ግን ታስረዳሻለች» አለች።

ያቺኛዋ።

ሰኔ 27

የናጽነት ቀጠሮ ነበር። ጓንትና ውሃ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ረፋድ ላይ ብቅ ስል ከመብርሂት ክፍል ሆዷን ይዛ እየሳቀች ትወጣለች። አየችኝና አፈረች። በቋንቋዬ ስለምታስረዳኝ ነው፣ አይቀየሙኝ አለችኝ። ምን ያስቀይመኛል፣ ሁለታችንም ያው አዋላጅ ነን አልኳት።

ዳሌዬ ሰፊ ነው ብላኛለች አለች፣ ደስ ብሏት።

ሰፊ ነው። ከፊት ወደ ኋላ። እንደ ጓንጉል ቆርቆሮ።

እኔ ተመለሺ ብያታለሁ። ያልተመለሰችው እሷ ናት።

ሐምሌ 3

መብርሂት ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። ስለ ናጽነት ማንከስ ጠየቀችኝ። በጣቷ የኋላውን ጠርዝ እንዳልደረሰችበት፣ ነገር ግን እጇ ትንሽ ስለሆነ እንደማታምነው ነገረችኝ። «እርስዎ በመጀመሪያ ሲያዩዋት ያገኙት ነገር ነበር?» አለችኝ።

ያን ጊዜ የጓንጉል ጃኬት ትከሻዋ ላይ ነበር። ዝናብ መትቷት ጋራዥ አውሷት ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ እሱም ማታ ሳልጠይቀው ነገረኝ። እኔ ግን ያየሁት ጃኬቱን ነው።

ወሯ ገና ነበር አልኳት። አንቺ የምታስተምሪበት ዳሌ አለሽ አይደል፣ እሱን ጠይቂው አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏታል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ደግሞ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዳሰስኳት።

ሐምሌ 6

የድርጅቱ መኪና ገዳሪፍ ሄደ። ሙዳሲር የምታሳስባችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ዛሬ ላኩ፣ ከዚህ በኋላ ዋልካው ጭቃ ሆኖ አያሳልፍም ብሎ ሁለታችንንም ጠየቀን። መብርሂት አንዲት መንታ ያረገዘች ላከች። እኔ አንዲት ደም ግፊት ያላት ላክሁ። የኋላው ወንበር ባዶውን ሄደ።

ሙዳሲር ሌላ የለም ወይ ብሎ ደገመው። ወደ እኔ እያየ ነበር። የለም አልኩ። የእኔ የምላቸው አልቀው ነበር።

ሐምሌ 12

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ከመፋዛ የተነሳ የማሽላ ጭነት መንገድ ላይ ሰጥሞ ቀርቷል። ጫማዬ ግማሽ ምድር ይዞ ይነሳል። ልብስ አይደርቅም። ክሊኒኩ ያፈሳል።

ገዳሪፍ ሆስፒታሉም ጦርነቱን ሸሽተው ከሲንጃ በመጡ ሰዎች ተጨናንቋል ይባላል። ቢሄዱስ ማን ያያቸዋል።

ሐምሌ 19

የገብርኤል ዕለት። ለተገብርኤል በስሟ ቀን ሕምባሻ ጋግራ መጣች። በእኔ በር ፊት አለፈች። ጤና ይስጥልኝ ብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ በአክብሮት አለፈች። መሶቡን የከፈተችው መብርሂት ዘንድ ነው።

ኋላ መብርሂት ግማሹን ይዛልኝ መጣች። ለሁለታችን ነው የላከችው አለች፤ ውሸቷን እንደሆነ አውቃለሁ። ጓንጉል በላ፣ ጣፋጭ ነው አለ። እኔ ጾም ነኝ አልኩ። ዓርብ ቢሆንም ሕምባሻ ጾም አያስፈታም፤ ፍልሰታም አልገባ።

ቅናት ነው። ይኸው ጻፍኩት። ሌላ ስም የለውም። ልጅቱ ምንም አላደረገችኝም። ምንም ስላላደረገችኝ ደግሞ ይብስብኛል፤ ክፉ ብትሆን እረፍት ባገኘሁ። ሙዳሲር ሥልጠናውን ለሌሎቹ ካምፖችም እሷ ትስጥ እያለ ነው። ጓንጉል «ጎበዝ ልጅ ናት» ይላል፤ ልጅ የሚለውን ቃል ከአፉ ስሰማ ሌላ ነገር ይሰማኛል።

ሴቶቹ ትናንት ስለ ምቀኝነት ሲያወሩ መብርሂት «ምቀኛ አታሳጣኝ ነው እንጂ» ብላ ስትስቅ ሰማኋት። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ስለኔ አይመስለኝም፤ ስለኔ ክፉ አታስብም።

ሐምሌ 30

ሳይነጋ ነቅቼ ጣቴን አሸዋለሁ። አጥንቱ የወጋኝ ጣት። ሌላ ማንም አያውቀውም። ከእኔና ከእግዜር በቀር።

መንገዱ ቢዘጋም ትራክተር አለ። ቀስ ብሎ በቀን ብርሃን ቢሄድ ያደርሳታል። ነገ እነግራታለሁ።

ነሐሴ 2

ወደ እነ ናጽነት ቤት ሄድኩ። በእውነት ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። መብርሂት አለች። ናጽነት በጀርባዋ ተኝታ ሆዷ ላይ ማዳመጫውን አድርጋላት፣ እናቲቱን አንበርክካ ጆሮዋን አስደግፋ የልጅ ልጇን ልብ ታሰማታለች። ለተገብርኤል ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

በዚህ መሐል ገብቼ ምን ልበል? ከሰኔ ጀምሮ አውቅ ነበር ልበል?

ሳያዩኝ ተመለስኩ። የመጀመሪያ ቀን ብናገረው ሥራዬ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ሆኗል። በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል፤ እኔም በየቀኑ ነገ እላለሁ።

ጭንቅላቱ ወርዶ መግቢያው ላይ ተቀምጧል፣ ደህና ነው እያለች ነው መብርሂት። መግቢያውማ ደህና ነው። ችግሩ ከዚያ በታች ነው።

ልጁ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ልጅ ያልፋል። ትንሽ አድርገው።

ነሐሴ 13

ናጽነት ምጥ ጀመራት። ማለዳ ነው አሉ። መብርሂት አለች።

ልብስ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ቀትር ላይ መብርሂት ሰው ላከችብኝ፣ እትዬ ጣይቱ ቢመጡ ብላ። ጨንቋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይ፣ ለምክር ነው አለችኝ የተላከችው። ከጨነቀ ጥሩኝ አልኩ።

አልተጠራሁም። ማታም አልተጠራሁም።

ነሐሴ 16

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ምጥ በጀመራት በነጋታው ጠዋት ለተገብርኤል ራሷ መጣች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ነው። እግሬ ላይ ወደቀች። ሴትዮዋ በእናቴ ዕድሜ ናት። አንስቻት ሮጥኩ።

ናጽነት ከንፈሯ ደርቋል። እንሽርቷ ከፈሰሰ ቆይቷል፤ ውሃው አረንጓዴ ነው። ሆዷ መሐሉ ላይ ተሰርጉዷል። መብርሂት በአንድ ቀን አሥር ዓመት አርጅታለች። ጭንቅላቱ እዚያው ነው፣ አይዞርልኝም፣ ለምን እንደማይዞር አይገባኝም አለችኝ። እጄን ታጥቤ ገባሁ። መፈለግ አላስፈለገኝም። ጭንቅላቱ ሁለቱ ሹል አጥንቶች ዘንድ ደርሶ፣ የግራው ይዞት ቀርቷል። ሊዞር ይሞክራል፣ አጥንቱ ይመልሰዋል።

«የግራው ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል» አልኩ። «ስብራቱ ሲገጥም እንዲያ ሆኖ ነው የገጠመው። በዚህ አይወጣም፤ ኦፕራሲዮን ነው የሚያስፈልጋት።»

 ሙዳሲር ከበሩ ሆኖ «ያ ሰላም፣ በአንድ ንክኪ» ብሎ ተደነቀ። መብርሂት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ የነበረው አድናቆት ነው። ያንን ነው ክረምቱን ሙሉ የተመኘሁት።

ጓንጉል የሐጂውን ትራክተር ሳያስፈቅድ አመጣ። ተሳቢው ላይ ፍራሽ አነጠፍን። ናጽነት ተሳቢውን ስታየው ጮኸች፤ በሌላ አልጮኸችም፣ ተሳቢውን ስታይ ነው። እናቷ ከላይ ሆና አቀፈቻት። መብርሂት ልምጣ አለች፤ ሙዳሲር አንቺ ቅሪ፣ ጣይቱ ትሂድ አላት።

ዋልካው ጎማውን ይውጠዋል። ጓንጉል እየወረደ በአካፋ ይዝቃል፣ ይወጣል፣ ይነዳል። በየጊዜው ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጌ የልጁን ልብ ለመስማት ጆሮዬን እደፋለሁ። አለ። ደከም ብሏል፣ አለ። ናጽነት በእያንዳንዱ ቀና ማለቴ ዓይኔን ታየኛለች። አለ እላታለሁ።

ዋናው አስፋልት ከሩቅ ሲታየን ደግሜ አዳመጥኩ። ቦታ ለወጥሁ። ጓንጉልን ሞተሩን አጥፋ አልኩት። ሞተሩ ጠፋ፣ ሜዳው ጸጥ አለ። ረጅም ጊዜ አዳመጥኩ። ቀና ስል ታየኛለች።

አለ አልኳት።

ነሐሴ 19፣ ገዳሪፍ

እሷን አትርፈዋታል። ማህፀኗ ሊቀደድ ትንሽ ነበር የቀረው አለኝ ቀዶ ጥገና የሠራላት ሐኪም። የት ነበራችሁ እስከዛሬ አለን። መንገዱ አልኩት።

ወንድ ነበር። ትልቅ፣ ያማረ ልጅ። ጓንጉል ነው በነጠላ ጠቅልሎ ይዞት የሄደው። ከመቃብሩ ተመለሰ። አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ያዘኝ፤ «አንቺ የምትችይውን አድርገሻል» አለኝ። እጄን ነጠቅሁት። ምነው አለኝ። ደከመኝ አልኩት።

ነሐሴ 27

ወደ ካምፑ ተመለስኩ። ሙዳሲር መብርሂትን ከማዋለድ አግዷታል። ክትባትና ሚዛን ላይ ትሥራ ብሏል፤ ሥልጠናውንም እኔ እንድሰጥ። ስብሰባ ላይ ነው የተናገረው፣ በሁሉ ፊት። በዳሌ ምርመራ ላይ ከባድ ስህተት ተሠርቷል አለ። መብርሂት አልተከራከረችም። ጥፋቴ ነው አለች፣ በሦስቱም ቋንቋ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካ ነበር።

በእኔ በር ላይ ሰልፍ አለ። ወንበር አነሰ። ራኩባው ባዶ ነው፣ ፍየሎች ተኝተውበታል። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ጳጉሜ 3

መብርሂት መጣች። የጎኑን ግድግዳ እንዴት እንደሚዳሰስ እንዳስተምራት ለመነችኝ። እንደገና ላዋልድ ብዬ አይደለም፣ ሳላውቀው እንዳልሞት ነው አለችኝ። ሣጥኑን ከፍቼ የፕላስቲኩን ዳሌ አወጣሁላት። እጇን ይዤ አስገባሁት፤ እዚህ ወደ ታች፣ አሁን ወደ ጎን፣ ሹሉን ፈልጊ። ጣቶቿ ያጥራሉ፤ ነገር ግን ደረሰችበት። ከበቂ በላይ ደረሰችበት። ያኔም አጠገቧ ሆኖ ወደ ጎን አዙሪው የሚላት ቢኖር ትደርስበት ነበር።

እጇ እዚያው እንዳለ ማልቀስ ጀመረች። መስከረም ሲያልቅ በገላባት በኩል ወደ አገሯ እመለሳለሁ አለች፤ አገሯ ምን እንደሚጠብቃት እሷም አታውቅም። «እርስዎ በዚያች ቅጽበት ያገኙትን እኔ ወር ተኩል ይዣት አላገኘሁም» አለችኝ። «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልጋት። ምላሴ ላይ ነበር። ውሃ ጠጪ አልኳት።

መስከረም 5፣ 2017

ናጽነት ዛሬ መጣች። ብቻዋን፣ በእግሯ፣ እያነከሰች። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ቦታ ለቀቁላት። ቁስሏን አየሁት፤ ደርቋል። ጡቷን በጨርቅ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች፤ ወተቱ እስካሁን አልቆመም።

ላመሰግንዎ ነው አለች። እናቴ በስምዎ ትምላለች አለች። ሃይላይ ከቂርባ ደውሎ ሳሚልኝ ብሏል ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። ተቀመጠች። ለመሄድ አልቸኮለችም።

«እትዬ ጣይቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «በሰኔ ሲያዩኝ እጅዎ በግራ በኩል ቆየ። ክፉ ነገር አገኙ ይሆን ብዬ ፊትዎን አየሁት። ኋላ፣ ቢኖርማ ይነግሩኝ ነበር ብዬ ተውኩት።»

የምትከሰኝ አልነበረችም። ይህን ለራሴ ስል አይደለም የምጽፈው፤ ፊቷ እንዲያ አልነበረም። አልነበረም ይበሉኝ፣ ልረፍ የሚል ፊት ነበር። ያኔ ገና ነበር፣ ኋላ ነው የጠበበው ብላት ታምነኝ ነበር፤ እሷ የአጥንት ነገር ከየት ታውቃለች። አፌን የከፈትኩትም ይህንኑ ልላት ይመስለኛል።

«ነበረ» አልኳት።

 ውጭ ሴቶቹ ያወራሉ። ለምን አላለችኝም። ለምን ብትለኝ ኖሮ ስለ ራኩባውና ስለ ሕምባሻው፣ ስለ ጃኬቱም ልነግራት ነበር፤ ለሞተ ልጅ ይህን መልስ ብዬ ልሰጣት ነበር።

«መብርሂት ታውቃለች?» አለችኝ።

አታውቅም አልኳት።

ተነሳች። ልደግፋት እጄን ስዘረጋ አልያዘችውም። እስከ በሩ ተከተልኳት። በጭቃው ላይ ቀስ እያለች፣ የግራ እግሯን እየጎተተች ሄደች። የእናቷ ቤት ወደ ቀኝ ነው። አልታጠፈችም፤ ቀጥ ብላ ወደ መብርሂት ክፍል ሄደች።